በስልክ የምታወራው ልጅ

ኦስሎ፣ ትሮስተሩድ
ኦክቶበር 23 ቀን 2016

እታለም ታየች፣

የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪያችን ደብዳቤ ሲጻፍ የጤና ሰላምታ ይቀድማል፣ ከዚያ «እኔ ደህና ነኝ» ይባላል ብሎ ነው ያስተማረን። ደጋግሜ ጀመርኩ፤ እዚያች «ደህና ነኝ» ላይ ስደርስ ግን ወረቀቱን እቀደዋለሁ። ስለዚህ ሰላምታዬን ብቻ ተቀበይኝ። አንቺስ እንዴት ነሽ? አባባ ጉልበታቸው ተሻላቸው? ደግሞ «አንቺ» እያልኩ የምጽፈው እማዬ እንደዚያ ስለምትልሽ ነው። «እርስዎ» ማለት ካለብኝ ንገሪኝ፣ አስተካክላለሁ።

ስለ ቀሚሱ ለጠየቅሽኝ፣ ደርሷል። በጣም ያምራል። እማዬ ጥለቱን በጣቷ እየዳሰሰች ብዙ ቆየች። ልኳ ሆነ ወይ ላልሽው ግን ረዝሟል። ከታች ወደ ውስጥ አጥፈን ጠቀም ጠቀም አድርገን ነው ያለበስናት። በላዩ ላይ ጋቢ ደረብንላት፤ መሬቱ ቀዝቅዞ ነበር።

እታለም፣ ቆመሽ እያነበብሽ ከሆነ ተቀመጪ።

ብሩክታዊት የለችም። እህቴ ሞታለች። ያንቺን ቀሚስ ለብሳ ነው የተቀበረችው።

መርዶ በወረቀት እንደማይነገር አውቃለሁ። ሰው ተሰብስቦ ማለዳ መጥቶ ነው የሚነገረው። እኔ ግን ደሴ ውስጥ የምልከው ሰው የለኝም። ኢንተርኔቱ እናንተ ጋ ተዘግቷል። በስልክ እንዳልነግርሽ ደግሞ ቤታችን ጠባብ ነው፤ እማዬ ሁሉንም ትሰማለች። እሷ «ደሴ እንዳይሰማ» ብላለች። ለቅሶ ለመጡት ሰዎችም አንድ በአንድ «አባቴ ሽማግሌ ናቸው፣ አይሰሙ» አለቻቸው፤ ሁሉም እሺ አሏት። ባለፈው እሑድ ደውላ ስታወራችሁ አባባ «ብሩኬስ?» ሲሉ «ደህና ናት፣ ትምህርት ቤት ሄዳለች» አለች። እሑድ ነበር እኮ፣ እታለም። አባባም አላስተዋሉም፣ አንቺም አላስተዋልሽም። ስልኩን ዘግታ ሳህን ማጠብ ጀመረች። የታጠበውን ሳህን ነበር የምታጥበው። ከቀበርናት ጀምሮ አንድ ቀን አላለቀሰችም። ይሄን አይቼ ነው የምጽፍልሽ።

ግን የሞቷን ብቻ ብነግርሽ የምታለቅሽላት እህቴን አይሆንም። ስለዚህ ሌላውንም ልንገርሽ።

ብሩኬ ሄዳ አታውቅም። አንድም ቃል ተናግራ አታውቅም። ስትወለድ አየር አጥሯት አንጎሏ ተጎድቶ ነበር። በተሽከርካሪ ወንበር ነው የኖረችው። የምንመግባት በማንኪያ ነበር፤ በኋላ ደግሞ ሆዷ ላይ በተሠራ ቱቦ። የምንልክላችሁ ፎቶ ሁሉ ለምን ከአንገት በላይ እንደሆነ አሁን ገባሽ። አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር፤ የምትመዝነው ግን የአምስት ዓመት ልጅ ያህል ነው። ቀሚሱ የረዘመው አንቺ ተሳስተሽ አይደለም። እማዬ «ቁመቷ እኔን አክሏል» ስላለችሽ ነው።

እና በስልክ ታወራችሁ የነበረችው ልጅ እኔ ነኝ።

ዘጠኝ ዓመቴ እያለ ነው የተጀመረው። አባባ «እስቲ ድምጿን አሰሙኝ» አሉ። እማዬ ስልኩን በእጇ ሸፍና አየችኝ። ምንም አላለችኝም። ተቀበልኳትና ድምፄን አቅጥኜ «አባባ፣ እንደምን አደሩ» አልኩ። አባባ ሳቁ፤ እማዬም ሳቀች። ከዚያ በኋላ ለምጄው ነበር። «ምን ይዤልሽ ልምጣ?» ሲሉ «የኳስ ጫማ» ያልኩት እኔ ነኝ። ጎል አገባሁ ያልኩትም እኔ ነኝ። ይሄን ሁሉ ሳወራ ብሩኬ አጠገቤ ወንበሯ ላይ ሆና ታየኝ ነበር። ከዚያ ድምፄ ጎረነነ፤ እማዬም «ብሩኬ ዓይነ አፋር ሆናለች፣ አማርኛም ጠፍቶባታል» አለቻችሁ።

ይሄን ደብዳቤ ለአባባ አታንብቢላቸው። ቆይ፣ አንብቢላቸው። እኔንጃ። አንቺ የምትዪውን አደርጋለሁ።

የእህትሽ ልጅ
ኖኤል ጥሩነህ

⁂

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ
ኅዳር 8 ቀን 2009 ዓ.ም.

የኔ ልጅ ኖኤል፣

አንቺ በለኝ።

ፖስታ ቤት ያለው ልጅ የድሮ ተማሪዬ ነው። ደብዳቤህን እዚያው ከፍቼ ሳነብ ፊቴን አይቶ ወንበር አመጣልኝ። ተቀመጪ ያልከኝ ቦታ ሳልደርስ ተቀምጬ ነበር።

ለቅሶዬን የት ላልቅሰው? ቤት አባባ አሉ። ከፒያሳ ስመለስ ከመንገድ ዳር ድንኳን ተጥሎ አየሁ። የሞተው ማን እንደሆነ እንኳ አላውቅም። ገባሁና አለቀስኩ። ሴቶቹ እርስ በርስ «ምኑ ናት?» «እንጃ፣ ከገጠር የመጣች ዘመድ ትሆናለች» ይባባላሉ። ንፍሮ ሰጥተው፣ እጄን ይዘው አጽናንተው ሸኙኝ። እግዜር ይስጣቸው፤ ብሩኬን ያለቀስኩት በማላውቀው ሰው ለቅሶ ነው።

አሁን ደግሞ ልቆጣህ ነው። አንተ ባለጌ! በሰፈሩ ሁሉ «የኛ ልጅ ከወንዶች ጋር ኳስ ትጫወታለች» እያልኩ የኖርኩት ካንተ ሰምቼ ነው። ጎረቤቴ ጤናዬ «ሴት ልጅ ኳስ ምን ያደርግላታል?» ብላኝ ተኳርፈን ነበር። በሌለች ኳስ ተጫዋች! ይሄን ስጽፍ ሳቄ መጣና አፈርኩ።

ልጅ ነበርክ። ማን አዘዘህ ብዬ አልጠይቅህም። አንድ ዓይን አይቶህ ነው የተነሳኸው፤ የእህቴን ዓይን አውቀዋለሁ። ጥፋቱን ሁሉ ለብቻህ ተሸክመኸው ከሆነ ግን አውርደው፤ ተሸካሚው ብዙ ነው። እንዴት እንደሆነ ሌላ ጊዜ እነግርሃለሁ።

ለአባባ ገና አልነገርኳቸውም። መጀመሪያ እነዚህን መልስልኝ። እውነተኛዋ ብሩኬ ምን ታደርግ ነበር? ምን ያስደስታት ነበር? እናትህ እዚያ አገር እንዴት አድርጋ አሳደገቻት? አሟሟቷስ? እንደዚሁም ስለ ወንድማችን ስለ ይድነቃቸው እናትህ ምን ነግራሃለች? የሰማኸውን ሳታስጌጥ ጻፍልኝ። ማስጌጥ እንደምትችል አይቻለሁ።

አክስትህ ታየች ብርሃነመስቀል

⁂

ኦስሎ፣ ትሮስተሩድ
ዲሴምበር 4 ቀን 2016

እታለም፣

«ባለጌ» ያልሽበትን መስመር ደጋግሜ አነበብኩት። ብሩኬ ከሞተች በኋላ የተቆጣኝ ሰው አንቺ ብቻ ነሽ። ትምህርት ቤት ሁሉም ቀስ ብለው ነው የሚያናግሩኝ። አስተማሪዬ ፈተናውን ሌላ ጊዜ ውሰድ አለኝ። ጓደኞቼ ስገባ ወሬያቸውን ያቆማሉ።

የሚያስደስታትን ልንገርሽ። እግሯ እንዳይጣመም ቀን ቀን የምታደርገው የፕላስቲክ ጫማ ነበር። ማሰሪያው ቁልፍ የለውም፤ የተጣበቀው ሲላቀቅ «ጭርርር» ይላል። ማታ ማታ ስፈታላት በዚያ ድምፅ ትስቃለች። አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ፣ ትንፋሿን መጀመሪያ ወደ ውስጥ ስባ፣ ከዚያ ነው የምትስቀው። መልሼ አጣብቄ መልሼ ስፈታው እንደ አዲስ ትስቃለች። ሌላው ደግሞ የእማዬ ድምፅ ነው። እማዬ ከሥራ ስትመለስ ደረጃው ላይ ሰው ካናገረች ብሩኬ ቤት ውስጥ ሆና ሳቋን ትለቀዋለች።

ስለ አጎቴ ይድነቃቸው ብዙ አልሰማሁም። አባባ ዘንድ ነው የሚኖረው ብላኛለች። ምን ይሠራል ብላት «ምንም» አለችኝ። ግን በየስልኩ፣ ልትዘጋው ስትል፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ይድነቃቸውስ?» እንደምትል አንቺም ታውቂያለሽ። «ደህና ነው» ስትያት ዓይኗን ጨፍና «እሰይ» ትላለች። ለምን ጠየቅሽኝ?

እንዴት አሳደገቻት ላልሽው፣ ብቻዋን ነው ያሳደገቻት። አባቴ ብሩኬ ሁለት ዓመት ሳይሞላት ሄደ፤ አሁን ስታቫንገር የሚባል ከተማ ሌላ ቤት አለው። ለእሷ ብላ እማዬ ብሩኬ ከተወለደች ወዲህ ደሴ ተመልሳ አታውቅም። እዚህ ኮሙኑ፣ የከተማው አስተዳደር ማለት ነው፣ ብዙ ነገር ሰጥቶናል። ወንበሩን፣ ከፍ ዝቅ የሚል አልጋ፣ የምትሄድበት ትምህርት ቤት፣ የሚያመላልሳት መኪና። እማዬ እያንዳንዱን ስትቀበል እንደ ክስ ነበር የምትቀበለው። እነሱ «መብትሽ ነው» ይላሉ፤ እሷ «አልቻልሽም» ያሏት ይመስላታል። ቤታችንን ሊያዩ የሚመጡ ቀን ሌሊቱን ሙሉ ታጸዳለች። ባርነቨርነ የሚባል የሕፃናት ጉዳይ መሥሪያ ቤት አለ፤ ልጅ ይወስዳል እየተባለ የእኛ ሰዎች በጣም ይፈሩታል። ቤታችን የሚመጡትን ሁሉ ከዚያ የተላኩ አድርጋ ነው የምታያቸው። ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ዘግይተን ገብተን፣ ከበሩ አጠገብ ቆመን፣ ሰው ሳይወጣ እንወጣለን። አንዴ አንዲት ሴትዮ ብሩኬን ጸበል እየረጨች እማዬን «ምን ብታደርጊ ነው?» አለቻት። ክፋት አልነበራትም፤ እየጸለየች ነበር። እማዬ ግን ለብዙ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ሳትሄድ ቀረች።

ለቅሶ ጊዜ ሰው መጣ። ምግብ ይዘው መጥተው፣ አብረውን አድረው፣ ምንም አልጎደለም። ግን «እግዜር አሳረፋት» ይሏታል። አንደኛዋ ጉልበቷን ይዛ «ጌጤዬ፣ አንቺም ተገላገልሽ» አለቻት። እማዬ ተነስታ ሻይ ቀዳችላት። ከዚያ ቀን በኋላ በሩ ሲንኳኳ አትከፍትም። የማትከፍትበት ምክንያት ይገባኛል። ምክንያቱም እኔም ያንን ቃል አስቤዋለሁ።

አሟሟቷን የመጨረሻ ያደረግኩት ለዚህ ነው።

እዚህ አቭላስትኒንግ የሚሉት አለ። እናት እንድታርፍ ልጁን ቅዳሜና እሑድ ወስደው የሚይዙበት ቤት ነው። ለዓመታት እንቢ ብላለች። «ልጇን ለሰው ሰጠች እንድባል ነው?» ትላለች። ባለፈው ሰኔ ከኮሙኑ አንዲት ሴት መጣች። የማስተረጉመው እኔ ነኝ፤ በዚህ ቤት የሁሉም አፍ እኔ ነበርኩ። ሴትዮዋ «እናትህ የምትተኛው መቼ ነው?» አለችኝ። አልተረጎምኩትም። በኖርዌጅኛ «አትተኛም፣ እኔም አልተኛም፣ እባካችሁ» አልኳት። እማዬ «ምን አለች?» አለችኝ።

«ተወስኗል አለች። በወር አንዴ ትሄዳለች።»

«ካልሰጠኋትስ?»

«እኔንጃ» አልኳት። ያንን «እኔንጃ» ስል ባርነቨርነን እንደምታስብ አውቅ ነበር፣ እታለም። አውቄ ነው ያልኩት።

መጀመሪያ የሄደች ዕለት እማዬ ኮቷን ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ቁጭ ብላ ዋለች። እኔ ተኛሁ። እስከ ረፋድ ተኛሁ። ሦስተኛ ጊዜ ስትሄድ አልተመለሰችም። በእንቅልፏ ላይ የሚጥል በሽታዋ ተነስቶባት፣ ማለዳ ሊቀሰቅሷት ሲገቡ አርፋ አገኟት። ሐኪሙ፣ እኛ ቤት ብትሆንም ይሄው ይሆን ነበር፣ የማንም ጥፋት አይደለም አለ። ያንን እንኳ በትክክል ተርጉሜላታለሁ። እሷ ግን አላመነችኝም። እኔም ራሴን አላምነውም።

እማዬ እስካሁን ኮሙኑ ነው የወሰነው ብላ ነው የምታስበው።

ኖኤል

⁂

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ
ታኅሣሥ 22 ቀን 2009 ዓ.ም.

ኖኤልዬ፣

ደብዳቤህን ካነበብኩ ወዲህ ቤት ውስጥ ዕቃ ከእጄ ይወድቃል። አባባ «ምን ሆነሻል?» ይሉኛል። «ዓይኔ ነው» እላለሁ።

ሌላ ጊዜ እነግርሃለሁ ያልኩትን አሁን ልንገርህ።

ይድነቃቸው የመጨረሻ ወንድማችን ነው። እንደ ብሩኬ ነበር። አይሄድም፣ አይናገርም። እናታችን ቶሎ ስለሞተች ያሳደገችው እናትህ ጌጤ ናት። ከእሷ እጅ ካልሆነ አይበላም። የእሷን ድምፅ ከሰማ ይስቃል። አንተ የጻፍከውን፣ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ስባ የምትለውን ሳነብ ወረቀቱን አስቀመጥኩት።

እንግዳ ሲመጣ ይድነቃቸው ጓዳ ይገባል። ክፋት አልነበረም፤ ሁሉም ቤት እንደዚያ ነበር። «ያ ቤት እንዲህ ያለ ልጅ ይወልዳል» ከተባለ ሴት ልጅ አትጠየቅም። የአባትህ ሽማግሌዎች የመጡ ዕለት ጓዳ ያስገባችው ጌጤ ናት፤ ቁልፉን የያዝኩት እኔ ነኝ። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ጌጤ ጠጅ ስታቀርብ «ይጠጡ» ስትል ይድነቃቸው ከጓዳ ድምጿን ሰማና ሳቀ። አንደኛው ሽማግሌ «ምንድን ነው እሱ?» አሉ። ጌጤ ብርሌውን እንደያዘች «ለበዓል የገዛነው በግ ነው» አለች።

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። አባባም አብረው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

አባትህ ጥሩነህ ይሄን ሳይሰማ ነው ያገባት። በኋላ ብሩኬ ስትወለድ ምን እንደተሰማት አሁን ገባኝ። አባትህም ከሰው ሰምቶ ይሆናል ጥሎ የሄደው፤ ይሄንን ግን እርግጠኛ አይደለሁምና እውነት ነው ብለህ አትያዝ። እግዜር በበጉ ቀጣኝ ብላ ይሆናል የኖረችው። እኔ እግዜር እንደዚያ የሚያደርግ አይመስለኝም። ግን እኔ እሷን አይደለሁም።

አሁን ዋናው። ይድነቃቸው ሞቷል። ከሦስት ዓመት በፊት በክረምት፣ ብርድ መትቶት። በሰው አገር ብቻዋን ትደነግጣለች ብለን ሳንነግራት ቀረን። ዛሬ ነገ ስንል ዓመት አለፈ። ከዚያ በኋላ እንዴት ይነገራል? «ይድነቃቸውስ?» ስትለኝ ባዶ አልጋውን እያየሁ «ደህና ነው» እላለሁ። አንተ እዚያ አፍ የሌላት ልጅ አፍ ሆነህ ስታወራ፣ እኔ እዚህ የሞተውን ደህና ነው ስል፣ ሁለታችንም አንድ ስልክ ላይ ነበርን። ለዚህ ነው ተሸካሚው ብዙ ነው ያልኩህ።

እንግዲህ ስማኝ። እናትህ ለብሩኬ የማታለቅሰው ፈቃድ ያጣች መስሏት ነው። ደብቃ አሳድጋ፣ አሁን ምን ብላ ትጩህ? ለይድነቃቸው ግን ይገባታል። የወንድም መርዶ ነው፤ ማንም «ተገላገልሽ» አይላትም። አልቅሺ ተብሎ ሰው ይሰበሰብላታል። የጀመረ ለቅሶ ደግሞ የት እንደሚደርስ አይታወቅም፤ እኔ በሰው ድንኳን አይቼዋለሁ።

ብቻህን እንዳትነግራት። የሚያምኗትን ፈልግ፣ ሴትም ወንድም ይኑር። የአስተርእዮ ማርያም ዕለት እሑድ ነው፤ ከቤት ሳትወጣ ማለዳ ይምጡ። እኔም ያንኑ ማለዳ ለአባባ ስለ ብሩኬ እነግራቸዋለሁ። እንደነበረች አድርጌ ነው የምነግራቸው፤ በስልክ እንደምታወራው ልጅ አይደለም።

አንድ ነገር ላክልኝ። የራሷ ድምፅ ካለህ፣ የራሷን።

ታየች

⁂

ኦስሎ፣ ትሮስተሩድ
ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2017

እታለም፣

እማዬ ስልክሽን ለምን እንደማታነሳ ጠይቀሽኛል። ተናዳብሻለች። «ሦስት ዓመት ሙሉ! እኔ ስጠይቃት፣ እሷ ደህና ነው እያለች!» ትላለች፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ታየኛለች። ቀጥሎ ያለውን ቃል መጨረስ አትችልም። እኔ ግን ዛሬ ወይ ነገ የምታነሳልሽ ይመስለኛል።

ሁሉንም ያስተባበረችው ጸዳለ ናት። ፕሪንስዳል ነው የምትኖረው፤ ከእማዬ ጋር ቢሮ ያጸዳሉ። ያንቺን ደብዳቤ አነበብኩላት። ጨርሼ ስቀመጥ «አንተ ልጅ፣ ቤታችሁ ስንት ወንበር አለ?» ነው ያለችኝ። ከዚያ ነው ያለቀሰችው።

ማለዳ መጡ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። በረዶ ነበር፤ ጫማቸውን ደረጃው ላይ እያራገፉ ወጡ። በሩን ከፈትኩላቸው፤ እኔ ግን ውስጥ መቆም አልቻልኩም፣ ወጥቼ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። የሰማሁትን ነው የምነግርሽ። እማዬ «ማን?» አለች። «አባባ?»

«አባባ ደህና ናቸው» አለች ጸዳለ። «ቁጭ በይ፣ ጌጤዬ።»

ከዚያ ስሙን ነገረቻት።

እማዬን እንደዚያ ስትጮህ ሰምቼ አላውቅም። ከበታችን ያሉት አሮጊት ነጠላ ጫማ አድርገው ወጡ። «ሰው ሞተ?» አሉኝ። «አዎ» አልኳቸው። «አጎቴ።» መቼ ሲሉኝ «ከሦስት ዓመት በፊት» አልኩ። «እህቴም» አልኩ፣ «በመከር።» አሮጊቷ ብሩኬን ያውቋታል፤ ሊፍት ውስጥ ሁልጊዜ እጇን ይይዟት ነበር። ተመልሰው ወርደው በሳህን ኬክ ይዘው መጡ። ከሴቶቹ መካከል ገብተው፣ አንድ ቃል ሳይገባቸው፣ እስከ ከሰዓት ቁጭ አሉ።

እማዬ መጀመሪያ «ወንድሜ፣ ወንድሜ» ትል ነበር። «የዘጋሁብህ፣ በግ ያልኩህ» አለች፤ ሰው ሁሉ እየሰማ። ማንም ምንድን ነው አላለም። ከዚያ መቼ እንደተለወጠ አላውቅም፤ ደረጃው ላይ ሆኜ ስሰማ «ብሩክታዊት» እያለች ነው። «ደብቄ ያሳደግኩሽ፣ ደብቄ የቀበርኩሽ።» ያኔ ገባሁ።

ማታ ሰው ሲቀንስ የኮሙኑን ነገር ነገርኳት። አልወሰኑም፣ እኔ ነኝ የዋሸሁሽ አልኳት። «ባትዋሸኝ አልሰጥም ነበር» አለች። ሌላ የምትጨምር አልመሰለኝም። ከዚያ «ደክሞኝም ነበር» አለች። ሁለቱንም ነው ያለችው፣ እታለም። ይቅር ብላኛለች ብዬ አልጽፍልሽም፤ አላለችኝምና። ግን ያን ሌሊት አልጋዋ አጠገብ ፍራሽ አንጥፋልኝ ነበር፣ ብሩኬ ትተኛበት ከነበረው ጎን።

ይሄን ደብዳቤ የሚያመጣልሽ ዓምሃ ይባላል፤ ከቤተ ክርስቲያናችን ነው፣ ለወንድሙ ሠርግ ኮምቦልቻ ይመጣል። ፖስታው ውስጥ ትንሽ የስልክ ሜሞሪ ካርድ አለ፤ እንዳትጥይው። የፖስታ ቤቱ ልጅ ስልኩ ላይ ይክፈትልሽ። ማታ ጫማዋን ስፈታላት የቀዳሁት ነው። መጀመሪያ ጭርርር የሚለውን ትሰሚያለሽ። ከዚያ እሷን።

አባባ እንዴት ሆኑ?

ኖኤል

⁂

ኦስሎ፣ ትሮስተሩድ
ማርች 19 ቀን 2017

እታለም፣

ደብዳቤሽን ለእማዬ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። አሁን እንደዚያ ነው የምናደርገው፣ ያንተ የእኔ የሚባል ደብዳቤ የለም። አባባ ስልኩን በደህናው ጆሯቸው አስጠግተው፣ አንቺን በእጃቸው ዝም አሰኝተው እስኪያልቅ ሰምተው፣ «ይሄማ ይድነቃቸው ነው፤ ማን ቀዳው?» አሉ ያልሽበት ጋ ስደርስ እማዬ «ቁም» አለችኝ። ቆምኩ።

«እውነታቸውን ነው» አለች። «ብሩኬ መጀመሪያ የሳቀች ቀን እሱን ነው የሰማሁት። ከጓዳ።»

ከዚያ የማላውቀውን ነገረችኝ። ያኔ አባባ ድምጿን አሰሙኝ ሲሉ ብሩኬ ነቅታ ነበር፤ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ብታደርግላት ትስቅ ነበር። አባባ ሳቁን ያውቁታል። ስለዚህ ነው ስልኩን ሸፍና ወደ እኔ የዞረችው። እኔ በዓይኗ «አውራ» ያለችኝ መስሎኝ ነበር። ምን እንዳለችኝ ራሷም አታውቅም፤ «ብቻ አንተ ቀድመህ ተቀበልከኝ» አለች።

ካርዱን መልሰሽ እንዳትልኪው። እዚያው ይሁን። አባባ ከጸሎታቸው በኋላ ይስሙት ካሉ ይስሙት። ጤናዬም ትስማው፤ የተኳረፋችሁበትን ንገሪያትና ታረቁ።

አሁን አባባ ላስጠየቁኝ። ይሄን ራስሽ እንዳታወሪላቸው፤ ስልኩ ላይ እስክመጣ ከወረቀቱ አንብቢላቸው።

አባባ፣ ያቺ ኳስ የምትጫወተው ልጅስ የት ሄደች ብለው ጠይቀዋል። እርሷንም አብረን ቀብረናት እንደሆነ ለማወቅ ፈልገው ነው ብላ እታለም ጽፋልኛለች። አልቀበርናትም። እኔ ነኝ። አለሁ። ጎል ያልኩዎት ግማሹ ውሸት ነው፤ ተከላካይ ነኝ። ጫማ ቁጥሬ አርባ ሦስት ሆኗል። እሑድ እማዬ ስትደውል ስልኩን ትሰጠኛለች፤ ድምፄ ወፍሯልና እንዳይደነግጡ። መጀመሪያ «አባባ፣ እንደምን አደሩ» እላለሁ፤ እንደ ድሮው። ከዚያ ስሜን እነግርዎታለሁ።

ኖኤል